ጡት እያጠቡ የጥርስ ሙሌት ማስቀየር

ልጇን ጡት እያጠባች ያለች እናት በአፏ ውስጥ የቆየ የአማልጋም ሙሌት፣ ማለትም ሜርኩሪ ያለበት ጥቁሩ የጥርስ ሙሌት፣ ካላት፣ ሙሌቱም ካልተሰነጠቀ፣ ካልላላና ከሥሩ ጥርሱ ካልተበላ፣ ልጇን ጡት እስክታስጥል ድረስ ባታስነካው ይሻላል እላለሁ። ይህን የምለው የሜርኩሪን መርዝነት አቃልዬ ሳይሆን ከቁም ነገር ቆጥሬው ነው። ሙሌቱ በቦታው ተቀምጦ በቀን ውስጥ ከሚለቀው ጥቂት ትነት ይልቅ፣ በመሣሪያ ሲቦረቦር በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚለቀው እጅግ ይበልጣል። ያንን ትነት የምትስበው እናት ደግሞ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ልጇን አቅፋ ታጠባለች። ጥርሱ ከታመመ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱንም እመለስበታለሁ።

ጉዳዩን አጥብቄ እንድመረምር ያደረገኝ በመሐል ከተማ ባለ አንድ ክሊኒክ የቀረበልኝ ሐሳብ ነው። አራት የአማልጋም ሙሌቶች አሉኝ፤ ሁሉም ተማሪ ሳለሁ የተሞሉ፣ በመንጋጋ ጥርሶቼ ላይ ያሉና እስከዚያ ጊዜ ድረስ አስቸግረውኝ የማያውቁ ነበሩ። ጥርሴን ለማሳጠብ ሄጄ ሳለ ባለሙያው በትንሿ መስታወት ዞር ዞር አድርጎ ካየ በኋላ፣ ራጅ እንኳ ሳያስነሣኝ፣ «የሚያጠቡ እናት ስለሆኑ ይህ ጥቁር ነገር አፍዎ ውስጥ መቆየት የለበትም፤ አራቱንም ዛሬውኑ አንሥተን በነጭ እንተካልዎታለን» አለኝ። ከወንበሩ ሳልነሣ ዋጋው በወረቀት ተጽፎ ቀረበልኝ። ባለሙያው ቅንነት ጎድሎታል ለማለት አልደፍርም። የሰጠው ምክንያት ግን የተገለበጠ ነበር፤ ማጥባቴ ሙሌቱ እንዲቆይ የሚያበቃ ምክንያት እንጂ በዚያው ቀን እንዲነሣ የሚያስገድድ አልነበረም። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

አማልጋም ከ150 ዓመት በላይ በጥርስ ሕክምና ሲያገለግል የኖረ ቅይጥ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ሲሆን የቀረው ብር፣ ቲንና መዳብ ነው። ፈሳሹ ሜርኩሪ ከብረታ ብረቱ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ሐኪሙም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ በጥርሱ ጉድጓድ ጠቅጥቆ ቅርጽ ያስይዘዋል። ከደነደነ በኋላ ሜርኩሪው ከሌሎቹ ብረቶች ጋር ስለሚተሳሰር እንደ ፈሳሽነቱ ዘመን አይተንም። ሆኖም ፈጽሞ አይታሰርም፤ ማስቲካ ሲታኘክ፣ ትኩስ ቡና ሲጠጣ፣ ሌሊት ጥርስ ሲፋጭ ጥቂት ጥቂት ትነት ይወጣል። የሚያሳስበው መንገድም ይኸው ትነት ነው። የሙሌት ፍርፋሪ ቢዋጥ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ብረታማ ሜርኩሪ እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን፣ በአየር ወደ ሳንባ ከገባው ትነት ግን 80 በመቶ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ «ቁራጩን ዋጥኩት» ብላ የምትደነግጥ ሴት ካለች የምትደነግጠው ከማያስደነግጠው ነገር ነው፤ ይልቅስ ሙሌቱ ሲቦረቦር አፍንጫዋ የሳበውን አየር ማሰብ ይሻላታል።

ወደ ደም የገባው ሜርኩሪ በኩላሊት ይከማቻል፣ በሽንትና በዓይነ ምድር ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ከፊሉም ወደ ወተት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን በሚያጠቡ እናቶች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት በወተታቸው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በአፋቸው ካለው የአማልጋም ሙሌት ብዛት ጋር አብሮ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህን ያነበበች እናት «እንግዲያው አሁኑኑ ይውጣልኝ» ብትል አይፈረድባትም፤ እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይኸው ነበር። ነገር ግን ሙሌቱ በወጣ ማግስት ወተቱ ንጹሕ አይሆንም። በሚቦረቦርበት ጊዜ የሚገባው ትነት የደሙን መጠን ለጊዜው ከነበረበት ከፍ ያደርገዋል፤ በትነት የገባ ሜርኩሪ ደግሞ ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ የስድስት ወር ልጅ የምታጠባ እናት ሙሌቶቿን ዛሬ ብታስነሣ፣ ጥቅሙን የምታየው ከወራት በኋላ ሲሆን ጭማሪውን ግን ልጁ የሚቀበለው በዚህ ሳምንት ነው።

በዚህ ላይ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሲያምታቱ አያለሁ። በጃፓን ሚናማታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው መመረዝ፣ እናቶቻቸው ብዙም ሳይታመሙ ሕፃናቱ ብርቱ የአእምሮና የአካል ጉዳት ይዘው የተወለዱበት ያ አሳዛኝ ታሪክ፣ የመጣው ከፋብሪካ ወደ ባሕር ከተለቀቀና በዓሣ ውስጥ ከተከማቸ፣ ሜቲል ሜርኩሪ ከሚባል ሌላ ዓይነት ሜርኩሪ ነው። በጥርስ ሙሌት ውስጥ ያለው ብረታማ ሜርኩሪ ነው፤ በመጠኑም፣ በሰውነት ውስጥ በሚሄድበት መንገድም ከዚያ ይለያል። የእነዚያን ሕፃናት ፎቶግራፍ ከአማልጋም ሙሌት ሥዕል አጠገብ ለጥፎ አራስ ሴትን ማስፈራራት ነውር ነው። ዓሣን ካነሣን አይቀር፣ ከሐይቆቻችን የሚመጣው ቆሮሶ አብዛኛው ምግቡ ውኃ ውስጥ ያለ ደቃቅ ተክል ስለሆነ ሜርኩሪ ከሚያከማቹት ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ወገን አይደለም። በጾም ወራት የቱና ቆርቆሮ የምታዘወትር አጥቢ እናት ግን ብትቀንስ መልካም ነው።

ስለ ሙሌት ሥልጣን ያላቸው አካላት የሚሉትም እኔ ከምለው አይርቅም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ባወጣው ምክር ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ ያሰቡና የሚያጠቡ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ የነርቭ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች አዲስ የአማልጋም ሙሌት እንዳይደረግላቸው የሚመክር ሲሆን፣ በዚያው ጽሑፍ በደህና ያለ ሙሌት ሕክምና ካላስገደደ በቀር እንዳይነሣ ያሳስባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ ሴቶች አማልጋም መሙላትን፣ የግድ ከሆነበት ሁኔታ በቀር፣ ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ክልከላውን ለሁሉም ሰው አደረገው። እነዚህ ሁሉ እንዳይደረግ የሚሉት አዲስ ሙሌትን ነው፤ የነበረውን ቆፍራችሁ አውጡ የሚል ቃል የለባቸውም። ይበልጥ የገረመኝ በዓለም ላይ አማልጋምን አጥብቀው ከሚቃወሙት የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት አንዱ፣ ለማስወገጃው የተለየ የጥንቃቄ ሥርዓት እስከማውጣት የደረሰው ማኅበር እንኳ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ማስነሣትን አለመምከሩ ነው። ክሊኒኮች «ሜርኩሪ አደገኛ ነው» የሚለውን የእነዚህን ሰዎች ንግግር ሲዋሱ ቀሪውን ግማሽ ትተውት ይመጣሉ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ተረጋግቼ ልተወው ስል፣ አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን የገብስ ቆሎ ሳኝክ ከታች በቀኝ በኩል ያለው ሙሌት ከነጥርሱ ጥግ ተሰበረ። ምላሴ በሄደ ቁጥር ስለቱ ይቧጥጠኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃም እስከ ጆሮዬ ይሰማኝ ጀመር። አክስቴ ቅርንፉድ አኝኬ እንድይዝበት አዘዘችኝ፤ ለጊዜው አስታገሠልኝ፤ ቅርንፉድ ግን ጥርስ አይጠግንም። ራስ ደስታ አካባቢ የምትሠራ ሌላ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ራጁን ብርሃን ላይ አንሥታ ከሙሌቱ ሥር የጠቆረውን ቦታ በብዕር ጫፍ አሳየችኝና «ይሄኛው አይጠብቅም፤ ወደ ነርቩ ከደረሰ ሩት ካናል ወይም መንቀል ነው፤ ሲመግል ደግሞ ላንቺም ለልጁም የባሰ ነው። ሦስቱ ግን ደህና ናቸው፤ እነሱን አልነካም» አለች። በሕይወቴ የጥርስ ሐኪም «አልነካም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ወዲያው አመንኳት።

ራጁ ለሕፃኑ ያስፈራል የምትል እናት ካለች፣ የጥርስ ራጅ ወተት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ሥራውን በዝርዝር የምጽፈው ሌላዋ እናት ከመቀመጧ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባት እንድታውቅ ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ ማደንዘዣውን ወጋችኝ፤ ከዚያም አረንጓዴ ስስ ላስቲክ፣ እነሱ ራበር ዳም የሚሉትን፣ በመሐሉ በስታ በዚያ በተሰበረው ጥርስ ላይ አጠለቀችና በትንሽ ብረት መቆንጠጫ አሰረችው። ከላስቲኩ በላይ ጥርሱ ብቻውን ቀርቶ አፌና ጉሮሮዬ ከሥር ተሸፈኑ። ረዳቷ ሰፊውን መምጠጫ ከጥርሱ ሥር ሳታነሣ ያዘችው፤ ውኃው ያለማቋረጥ ይፈስ ነበር፤ ምክንያቱም ሙሌቱ በሞቀ መጠን ትነቱ ይበረታል። ሐኪሟ ሙሌቱን እየፈጨች አላወጣችውም። በአዲስ መቦርቦሪያ ጫፍ አቋርጣ ሰነጠቀችውና በሁለት ሦስት ጉራጅ ፈነቀለችው፤ እያንዳንዱ ጉራጅ ወደ መምጠጫው ሲገባ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማ ነበር። የተፈጨ ሙሌት ብዙ ትነትና ብናኝ ይወጣዋል፤ በጉራጅ የወጣ ግን ጥቂት ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የውድ ማሽን ሳይሆን የሐኪሙ ትዕግሥት ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ስለነበር የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እስከ ወንበሩ ድረስ ይሰማኝ ነበር። በአፍንጫ ኦክሲጅን መስጠትም ይመከራል፤ ሁሉም ክሊኒክ የለውም፤ ላስቲኩ፣ ሰፊው መምጠጫና ውኃው ግን ከሌሉ ተነሥቶ መሄድ ነውር የለውም።

ከላስቲኩ ጋር ፊቴን ያለበሰችኝ ጨርቅ ሲነሣ አፌን ደጋግሜ ተጉመጥምጬ ተፋሁ። እናቴ ልጄን ይዛ ከሕንፃው ሥር ባለው ኬክ ቤት ትጠብቀኝ ነበር፤ ሕፃን ወደ ሕክምናው ክፍል ይዞ መግባት አይገባም። የለበስኩት ሹራብ ላይ ብናኝ ሊኖር ስለሚችል እሱን አውልቄ በፌስታል ቋጥሬ ነጠላ ለብሼ ወረድኩ። እናቴ ግን የቆየችበት ጭንቀት ሌላ ነበር፦ «ልጄ፣ መርፌው ወተቱን አበላሽቶታል፤ ዛሬውን አልበሽ ድፊው፤ አንድ ቀን ላም ወተት ቢጠጣ አይሞትም» አለችኝ። እናትን መቃወም ከባድ ነው፤ በዚህ ላይ ግን ማክበሬን ሳልተው አልታዘዝኳትም። በጥርስ ሕክምና የሚሰጠው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ሲሆን ሕፃኑም ከዋጠው ወተት የሚወስደው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ማጥባት ይቻላል። ለሕመሙ ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም ከማጥባት ጋር ይሄዳሉ፤ መቅረት ያለበት አስፕሪን ነው። ሜርኩሪውን በሚመለከትም የአንድ ቀን ወተት መድፋት ትርጉም የለውም፤ ለመውጣት ወራት የሚወስድ ነገር በአንድ ቀን አለባ አያልቅም፤ አንድ ሙሌት በጥንቃቄ ሲነሣ የሚያመጣው ጥቂት ጭማሪም ልጁን ከጡት ለመለየት የሚያበቃ አይደለም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን የጡት ወተትን በላም ወተት መተካት ደግሞ በራሱ የማይመከር ነገር ነው። አንገቱን ወደ ደረቴ ሲያዞር አጠባሁት።

በተነሣው ምትክ የገባው ነጭ ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል፤ በሰማያዊ ብርሃን የሚጠነክር ሙጫና ደቃቅ የመስታወት ዱቄት ነው። እሱም ንጹሕ መልአክ አይደለም፤ ከሙጫው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ኬሚካል ሊለቅ ስለሚችል ሐኪሟ በደንብ በብርሃን አጠንክራ ላዩን አስጠረገችው። ጉዳቱ ጥልቅ ያልሆነና ጊዜ ማትረፍ የፈለገ ሰው ግላስ አዮኖመር የሚባለውንም ሊጠይቅ ይችላል፤ ለትልልቅ መንጋጋ ጥርስ ጥንካሬው ቢያንስም ፍሎራይድ ይለቃል፣ እስከ ጡት ማስጣያ ድረስም ያዘግማል።

ከክሊኒኩ ይልቅ ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ምክር ነው። ሜርኩሪውን «ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ» ክኒን፣ ዱቄትና ጭማቂ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። በእውነት ሜርኩሪን ከሰውነት የሚያወጡት መድኃኒቶች ለተመረዘ ሰው በሐኪም ትእዛዝና ክትትል የሚሰጡ ናቸው፤ አንድ ሙሌት ላስቀየረች አጥቢ እናት አይደሉም። የተቀረው የገንዘብ ኪሳራ ነው።

በዚህ ሁሉ ጭንቀት መካከል የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ስለ ጥርስ ሙሌት አጥብቀው የሚጠይቁኝ ሴቶች ከፊታቸው ክሬም ስለሚመጣው ሜርኩሪ አንድም ቃል አለማንሣታቸው ነው። ቆዳ የሚያነጡ አንዳንድ ክሬሞችና ሳሙናዎች ውስጥ ሜርኩሪ እንደሚጨመር የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ በቆዳ ይገባል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከእናቲቱ ፊት፣ እጅና ፎጣም ወደ ሕፃኑ ይሻገራል። ሙሌቱ ለዓመታት ጥርስ ላይ ተጣብቆ የኖረ ነው፤ ክሬሙ ግን በየማታው አዲስ የሚቀባ ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይጠቅማል፦ ካሎሜል፣ ሜርኩረስ ክሎራይድ፣ ሜርኩሪክ አዮዳይድ ወይም አሞኒየትድ ሜርኩሪ የሚል ካለ ሜርኩሪ ነው። ከወርቅ፣ ከብርና ከአልሙኒየም ጋር እንዳይነካ የሚል ማስጠንቀቂያም ይህንኑ ያስጠረጥራል። ምን እንደያዘ ጭራሽ ያልተጻፈበት ክሬም ደግሞ ሕፃን ባለበት ቤት ቦታ የለውም። የድሮው የብርጭቆ ቴርሞሜትርም እንዲሁ ነው፤ ከተሰበረ ልጁን ከክፍሉ አውጥቶ መስኮት መክፈት፣ ጠብታዎቹን በመጥረጊያ ሳይበትኑ በጠንካራ ወረቀት ሰብስቦ በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ ነው እንጂ፣ ደስ የሚሉ የብር ጠብታዎች ናቸው ብሎ ልጆች እንዲያንከባልሏቸው መተው አይገባም።

ቀሪዎቹን ሦስት ሙሌቶች በሚመለከት ከሐኪሟ ጋር የተስማማነው፣ ልጄ ጡት ከጣለ በኋላ ራጅ አንሥታ እንድታያቸውና ከሥራቸው የተበላ ካለ እሱን ብቻ እንድታነሣ ነው፤ ደህና ከሆኑ ይቆያሉ፤ ቀለማቸው ጥቁር መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሁለተኛ ልጅ የምናስብ ከሆነም አስቀድሜ እንድነግራት አሳስባኛለች። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ጊዜ ሙሌት ለማስነሣት የተሻለው ነው፤ ነገር ግን የገባው ትነት በግማሽ ለመቀነስ ሁለት ወር ያህል ስለሚፈልግ፣ አስነሥቶ በወሩ ከማርገዝ ጥቂት ወራት መታገሥ ይገባል። ስለዚህ ጡት የማስጣያውን ወር፣ የራጁንና የሁለተኛውን ልጅ ነገር ከባለቤቴ ጋር በአንድ ላይ ልንነጋገርበት ነው።